ምንሽሩ የገባበት በጋ

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ ሳልናገር የኖርኩትን እዚህ ልጻፈው። እኔ አለኸኝ በዕድሜዬ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። በጠላት ዘመን ጫካ መግባቴ እውነት ነው። ስንቅ ተሸክሜያለሁ፤ ቁስለኛ አጥቤያለሁ፤ የሞተ ሰው ጠመንጃ አንግቼ ወንዝ ተሻግሬያለሁ። ቃታ ግን አልሳብኩም። አንድ ጊዜ ጥሻ ውስጥ ተኝቼ ሳለ አንድ ጣሊያን መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ጓደኞቼ ከኋላ «በል፣ በል እንጂ» ይሉኛል። እጄ ደርቆ ቀረ። ጣሊያኑ ሽንቱን ሸንቶ፣ ሱሪውን አስተካክሎ ሄደ። እነዚያ ጓደኞቼ በዚያው ክረምት አለቁ፤ ምስክር የሚሆንብኝ አልቀረም።

ከድል በኋላ አገሩ «አርበኛው» ሲለኝ ዝም አልኩ። በሰርግ፣ በዝክር ከፍ ካለው መደብ ሲያስቀምጡኝ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ወለተሩፋኤል ብቻ ታውቅ ነበር፤ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። አሁን እሷም አፈር ውስጥ ናት።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ሰሞኑን ወንበዴ የእማዋይሽን ቤት ሰብሮ እህሏን ጭኖ ሄደ። ባል የሌላት ሴት ናት፤ ቤቷ ከኛ በታች፣ ወደ አዲ አርቃይ ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ልጄ ጎሹ ዛሬ ጠዋት፣ «አባባ፣ ቀጥሎ እኛ ነን። ጠመንጃ እንግዛ። የትኛው ይሻለናል? አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እኔም ጢሜን እያሻሸሁ «አስብበታለሁ» አልኩት። ከሽበታም ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቅጥፈት ሲወጣ ያስጸይፋል።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

የማኅበሩ ተራ የጎረቤቴ የነጋ ነበር። ጸሎቱ በቅጡ ሳያልቅ የጠመንጃ ወሬ ተጀመረ። ለጠመንጃ «እሷ» ይላሉ። «ወገቧ ቀጭን ነው፣ አትከብድም፣ ካልነኳት አትናገርም» እያሉ ይሳሳቃሉ። ነጋ ምንሽሩን ከግድግዳ አውርዶ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛት። ነፍስ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ እንኳ ቅድም መስቀል በያዙበት እጅ ሰደፏን ዳበስ አድርገው «ስንት ትጎርሳለች?» አሉ።

«አምስት ነዋ አባ!»

እኔ፣ ለቤት ውጅግራ አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ነጋን ጠላው ትን አለው።

«ውጅግራ! አያ አለኸኝ፣ በጤናህ ነው? አንዷን አጉርሰህ፣ ተኩሰህ፣ ጭሱ እስኪጠራልህ ወንበዴው አግብቶ ይወልዳል!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጎሹም ሳቀ። አንዱ፣ «ተው፣ አርበኛው ሊፈትነን ነው» አለ። እኔም «ዋናው ዓይን ነው» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅ።



ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። ማጭድ ላስስል ብዬ አዘዘ ዘንድ ወረድኩ። አዘዘ ከወለቃ መጥቶ ከወንዙ ማዶ የሰፈረ ቀጥቃጭ ነው፤ ሃይማኖቱ ኦሪት ነው። ቀን ማጭዱን ይገዙታል፣ የጠመንጃ ቃታ ያስጠግኑታል፤ ሲመሽ ቡዳ ይሉታል። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«አንድ ዘመድ ጠመንጃ ሊገዛ ነው» አልኩት።

ከወናፉ ቀና ብሎ አየኝ። «ዘመድህ ቤት ሊጠብቅበት ነው ወይስ ሊወጣበት?»

«ቤት ሊጠብቅበት ነው እንጂ!»

«እንዲያ ከሆነ ውጅግራ ይግዛ። ወንበዴ እህል ፈልጎ ነው የሚመጣ፣ ሞት ፈልጎ አይደለም። አንዴ ከጮኸችበት ይሮጣል። ምንሽር የመንገደኛ ነው፤ ቀላል ነው፣ ርቆ ይመታል፣ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል። ከደጃፍህ ላይ ሆነህ ርቆ የሚመታ ምን ያደርግልሃል?»

«ዘመዴ ነው አልኩህ።»

«ለዘመድህ ነው የምለው» አለና ሳቀ።

አንተስ የትኛው አለህ ብለው ሳቁ ባሰበት። «እኔ? እኔ ጠግኜ እመልሳለሁ እንጂ! አንድ ቀን አንግቼ ብታይ፣ በማግስቱ በአገሩ የጠፋ ዶሮ ሁሉ ዕዳው የኔ ነው።»

ሸጋ ምክር ነበር። ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ግን የነጋን ሳቅ ነው።

ኅዳር ፳፪፣ ጎንደር

በችኮላ። ለጠመንጃው አንዱ በሬ ተሸጠ። ገዢው ሲነዳው ዞሮ አየኝ።

ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ሱቅ ጀርባ። ሻጩ ወፍራም፣ ጣቱ ሁሉ ዘይት። በዚያው ጣት ዳቦ ይቆርሳል። ውጅግራና ምንሽር ጎን ለጎን አጋደመልን። ምንሽሯን መታ መታ አድርጎ «ይቺ ሰው ቀምሳለች፣ አታሳፍራችሁም» አለ። የበግ ጥርስ እንደሚያሳይ ሰው አፏን ከፍቶ አሳየን።

«አባት፣ ፈታተው ይዩዋትና እርስዎ ይምረጡ።»

ሰው ከቦናል። መፍታቱን አላውቅበት። ብነካት ይታወቅብኛል። የአዘዘ ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«ልጄ ይምረጥ» አልኩ።

የጎሹ ዓይን በራ።

ኅዳር ፳፯

ጎሹ ጠመንጃውን ከእናቱ አልጋ ራስጌ ሰቀለው። ልጄ ካሰች፣ «ምነው ሌላ ግድግዳ ጠፋ?» አለችው። ካሰች ከባሏ ተፋታ ከመጣች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። «ወንበዴ ሲገባ ማድ ቤት ሄጄ ላምጣው?» አላት።

ቤቱ ዘይት ዘይት ይሸታል። እኔ ከእርሻ ሌላ ለቁም ጸሐፊዎች ብራና እፍቃለሁ፤ የፍየል ቆዳ ክርፋት አስጠልቶኝ አያውቅም። ይህ ሽታ ግን ከልብሴ አልለቅ አለ። ትናንት ወጥሬ የፋቅሁት ብራና ላይ የጣት አሻራ የሚያህል የዘይት ጠብታ አገኘሁ። ለወንጌል የታዘዘ ነበር። ጥዬዋለሁ።

የቀረውን አንድ በሬ ከነጋ በሬ ጋር አቀናጅተን ልናርስ ተስማማን። ነጋ ሲስማማ፣ «ከእንግዲህ ሁለት ምንሽር ጎን ለጎን! የሚደፍረን ማን ነው?» አለ። የጠመንጃ ወገኔ አደረገኝ ማለት ነው። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ከሁሉ ያስጠላኝ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ ፰

ጎሹ የሌሊት ጥበቃ ገብቷል። ከላይኛው መንደር ሁለት ጎረምሶች አብረውት አሉ። ጭቃ ሹሙ አያ አላምረው መርጠውን ነው ይላል። ሸጋ ነው። ቤታችንን የሚጠብቀው ጠመንጃ ግን ሌሊት ሌሊት ቤታችን የለም።

ይህን ብነግረው፣ «አባባ፣ አገር ካልተጠበቀ ቤት ይጠበቃል?» አለኝ። አርበኛ የሚናገረው ነገር ነው።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ገብርኤል

አያ አላምረውን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አግኝቼ፣ ስለ ልጄ ጥበቃ አመሰግናለሁ አልኩት። «የቱ ጥበቃ?» አለኝ። ደወል ተደወለ፤ ገባን። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ ረስቶት ይሆናል።

ታኅሣሥ ፳፬

ጎሹ ሁለት አሞሌ ጨው ይዞ መጣ። የጨው ነጋዴዎች ስላጀባቸው የሰጡት ነው አለ።

ካሰች፣ «ማጀብ ደግሞ መቼ ጀመርክ?» አለችው።

«ጨው አያስፈልግሽም? ልመልሰው?»

ወጡ ውስጥ ጨመረችው። ስንበላ ቀና ብላ አላየችኝም።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ልደት

ጎሹ ሙክት በግ ነድቶ መጣ። ከየት አልኩት። ከጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን አለ። በጉ ጆሮው ላይ የተቆረጠ ምልክት አለው፤ የኛ አገር ምልክት አይደለም። ይህን ሳላይ አልቀረሁም። ቢላዋውን የሳልኩት ግን እኔ ነኝ፤ የባረክሁትም እኔ ነኝ።

ጥር ፭

ትናንት ወደ ማምሻው ከታች ከመንገዱ ተኩስ ሰማን። ቶሎ ቶሎ፣ ተከታትሎ። ነጋ ከደጃፉ ቆሞ «ምንሽር ነው» አለ። ሌላ ጊዜ ሲኮራበት የምሰማው ድምፁ አልነበረም።

የተመታው የአዲ አርቃይ ጨው ነጋዴ ነው፤ ወልደኢየሱስ ይባላል። ሆዱን ተመቶ እማዋይሽ ቤት አስገቡት። ቁስል ማጠብ ታውቃለህ ብለው ጠሩኝ። አጠብኩት። ይህን እንኳ አውቃለሁ። ውሃ ውሃ እያለ፣ ሆዱን ለተመታ አይሆንምና ውሃ መስጠት አልቻልንም።

የመታው ማን እንደሆነ ጠየቅነው። «ፊቱን ሸፍኗል። ልጅ ነው፤ ድምፁ ልጅ ነው። ‹አባባ፣ ልቀቀው፣ አባባ፣ ተወው› ይለኛል። እኔ የበቅሎዬን ልጓም አልለቅ አልኩ። እየተንቀጠቀጠ ተኮሰ። ወደ ሰማይ የሚተኩስ መስሎኝ ነበር።»

ዛሬ ረፋድ ላይ ዐረፈ።

ሽማግሌ ሰው ሁሉ አባባ ይባላል።

ጥር ፲፩፣ ጥምቀት

ታቦት ሲወርድ ጎረምሶች ከፊት ሆነው ጠመንጃ እየሰበቁ ጨፈሩ። ጎሹ ምንሽሯን ከፍ አድርጎ ዘለለ። ሴቶች እልል አሉ። አንዲት ሴት «የአርበኛው ልጅ!» ብላ ጮኸች። ጸበሉ ሲረጭ አፈሙዟ ላይ አረፈ፤ ጎሹም በነጠላው ጠርጎ አደረቃት፤ እንዳትዝግ።

ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀርቼ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ።

ጥር ፲፯

የሟቹ ዘመዶች አቤት ስላሉ አውጫጭኝ ተጠራ። ወንድ የሆነ ሁሉ ያለ መሣሪያ ከሜዳው ይቀመጣል፤ ሳይፈቀድለት የሚነሳ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ያየ የሰማ ሰው ተጠግቶ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ነጋሪው ወፍ ይባላል፤ ሽማግሌዎቹም ማን እንደሆነ ላይናገሩ ይምላሉ። ስም ካልወጣ የሟቹን ካሳ አገሩ ሁሉ ይከፍላል። የወጣው ስም በሁለተኛው ስብሰባ ካልፈረሰ ሰውየው ለመንግሥት ይሰጣል።

ዛሬ ስም ወጣ። አዘዘ።

ወፏ ያለችው እንዲህ ነው፤ የነጋ ምንሽር በዚያ ሰሞን ለጥገና አዘዘ ቤት ነበረች፤ ስለዚህ ተኳሹ እሱ ነው። ነጋ ከአጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ዓይኔን አላየም፤ ሣር ይነጭ ነበር።

አዘዘ ከመሐል ቆሞ፣ «ጌቶቼ፣ ቃታዋ ተሰብሮ አይደለም ወይ የመጣችልኝ? በተሰበረ ቃታ እንዴት አድርጌ ልተኩስ?» አለ። ነገሩ ልክ ነበር፤ ሁሉም ገብቶታል።

ከኋላ አንዱ፣ «ቡዳ ምን ይሳነዋል?» አለ።

ሳቅ ተነሣ። ተነፈሱ ማለት ይሻላል። ካሳ መክፈል ቀረ፤ የሰው ልጅም አልተነካ። ነገ ማጭድ የሚያስስሉት ከማን ዘንድ እንደሆነ ያሰበ አልነበረም። እጁን የኋሊት አሰሩት። ጎንደር ከተወሰደ መሰቀሉ ነው።

እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። አፌ ነበረኝ።

ጥር ፲፱

ካሰች እንጨት እየሰበረች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ ነጋዴው የተመታ ቀን ጎሹ ልብሱን ከወንዝ ወርዶ ራሱ አጠበ» አለችኝ።

«ታዲያስ?»

«ወንድ ልጅ ልብሱን ሲያጥብ መቼ አይተሃል? እኔ እያለሁ?»

መጥረቢያውን ጥላ ገባች። ለምን ነገረችኝ? ሳትነግረኝ የማላውቅ ነበርኩ?

ጥር ፳፩፣ ማርያም

ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጥሻውን ነገር ሳይቀር። አባ ወልደ ዮሐንስ፣ «ወንድ ልጅህ አንድ ነው። ንስሐውን እኔ እሰጠዋለሁ፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል» አሉኝ።

«አዘዘስ አባ?»

«እሱ እኮ ክርስቲያን አይደለም።»

መስቀሉን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩ። ከንፈሬን ግን ስመለስ በጋቢዬ ጠረግሁት። እንዲህ ያለ ነገር አደርጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥር ፳፫

ጎሹን አውድማው ላይ ብቻውን አገኘሁት። ምንሽሯን ፈታትቶ ይወለውላል። እንዴት እንደሚፈታታት አሁን ጥሩ አድርጎ ያውቃል።

«አንተ ነህ» አልኩት።

አልካደም። ዘይቱን ከጣቱ ላይ ጠረገ።

«ላስፈራራው ነበር። ልጓሙን አልለቅ አለኝ እኮ አባባ! ለአንዲት በቅሎ! ጓደኞቼ ከኋላ ‹በል፣ በል› ይሉኛል።»

ይህን ሲል ከገለባው ላይ ተቀመጥኩ።

«አዘዘ ይሰቀላል ጎሹ።»

«እኔ ስሙን አላወጣሁ። ወፏን ጠይቃት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተስ በጫካ ስንቱን ገድለሃል፤ ማን ጠየቀህ? ከፍ ካለው መደብ አይደል እንዴ የሚያስቀምጡህ?»

«አንድም አልገደልኩም። ተኩሼም አላውቅም። እጄ ደርቆ ቀረ።»

አየኝ። እንደ ሻጩ ጠመንጃ ገልብጦ ገልብጦ አየኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

«ምነው ታዲያ ቀድመህ አልነገርከኝ?» አለ። «እኔ እኮ የፈራሁ ጊዜ አንተን ነበር የማስብ።»

ብረቶቹን መልሶ ሲገጣጥም ድምፃቸውን እየሰማሁ ወጣሁ።

ጥር ፳፭

ነገ ሁለተኛው ስብሰባ ነው። ነጋ እርሻ ላይ አግኝቶኝ፣ «ነገ ቶሎ ያልቃል፣ ከሰዓት እናርሳለን» አለኝ። አዘዘ በአያ አላምረው ጎተራ ታስሯል። ካሰች እንጀራ ላከችለት፤ የክርስቲያን እንጀራ አልበላም ብሎ መለሰ። ጥሬ ሽምብራ ላከችለት። እሱን ወሰደ።

መዝሙረ ዳዊት አወጣሁ። ማንበብ አልቻልኩም። ጎሹ ምሳ ላይ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ትልቁን ጉርሻ አጎረሰኝ፤ ሕፃን ሆኖ እናቱ ያስለመደችው ነው። ዋጥኩት። ከዚህ በላይ ስለ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ጥር ፳፮፣ የነነዌ ጾም መጀመሪያ

ጠዋት ሳንበላ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። አዘዘን አመጡት፤ ገመዱ አንጓውን ልጦታል። ጎሹ ከጎረምሶቹ መሐል በሦስተኛው መደዳ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ «ቃሉን የሚያፈርስ ወፍ ካለ ይጠጋ» አሉ። የተጠጋ የለም።

በጆሯቸው መንገር እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም፤ ማታ ከልጄ ጋር አንድ ገበታ እቀርባለሁ፣ ሲይዙትም አብሬ አለቅሳለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። አስቤው አስጠላኝ።

ተነሣሁ። ሳይፈቀድልኝ ነው የተነሣሁት። ከመሐል ወጥቼ ከአዘዘ አጠገብ ቆምኩ።

አያ አላምረው፣ «አርበኛው፣ ጠጋ ብለህ በጆሮ ነው እንጂ። ሥርዓቱ ጠፋህ?» አለ።

«አርበኛም ወፍም አይደለሁም» አልኩ። «ይህን ሰው ፍቱት። ነጋዴውን የገደለችው ምንሽር እኔ በሬ ሸጬ የገዛኋት ናት። ለቤት ውጅግራ ይበቃል ብሎ የመከረኝ እሱ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከቤቴ ሄዳችሁ አውርዷት።»

ነጋ «በስመ አብ!» ሲል ሰማሁት። አዘዘ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል፤ አላመነኝም መሰለኝ። ከሦስተኛው መደዳ ደግሞ ድምፅ መጣ፤ ቁጣ የለበትም፤ ቀስ ያለ ነው።

«አባባ፣ ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም።

ትልቁ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። «ጠመንጃ በራሱ አይሄድም። የያዛት ማን ነው? ስሙን ከነአባቱ ጥራ» አለኝ።

«ጎሹ አለኸኝ» አልኩ።